ማነሱ ሐላል ያደርገዋልን?

«ለመሞከር ያህል ትንሽ ቢትኮይን ብገዛ ምን አለበት?» የሚሉ ወንድሞች በርክተዋል። አንዱ ቢትኮይን እስከ መቶ ሚሊዮን ስለሚሸነሸን በጥቂት ገንዘብ ቁራሹን መግዛት ይቻላል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር የተጠጋው ዋጋ በ2022 መጨረሻ ከ17 ሺህ በታች ወርዷል። ዑለማዎችም ተለያይተውበታል፤ በ2018 የግብፅ ሙፍቲ ሲከለክሉት፣ በ2020 የማሌዥያ ካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ የሸሪዓ አማካሪዎች ንግዱን ፈቅደዋል።

የገንዘቡ ማነስ ጉዳቱን ያቀልል እንደሆነ እንጂ የሥራውን ባሕርይ አይለውጥም፤ ቁማርተኛም የሚጀምረው በሳንቲም ነው። እንግዲያውስ እጃችንን ወደ ኪሳችን ከመስደዳችን በፊት ልባችንን እንጠይቅ፦ የምንገዛውን አውቀነዋል? ወይስ «እገሌ አተረፈ» ስለተባለ ነው? ሳያውቅ የገዛ ዕድሉን ሞከረ እንጂ አልነገደም። እስኪያውቅ መታቀቡ ይሻለዋል። አላህ በሐላሉ ያብቃቃን።