«ሴት ብታውቅ» ስለሚለው ተረት

በቅርቡ ለአንድ ዘመዴ የውርስ ክርክር ልደታ ከሚገኘው ፍርድ ቤት ደጅ ቆመን ተራችንን ስንጠብቅ፣ ከችሎት የወጡ አንድ አዛውንት፣ የተፈረደባቸውን የውሳኔ ግልባጭ አራት እጥፍ አጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ እየከተቱ፣ ፍርዱን ያነበቡት ዳኛ ሴት መሆናቸው ከመረታቱ ይልቅ ከንክኗቸው ኖሮ፣ «ግድ የለም፤ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ፤ ይግባኝ አለ» ሲሉ ሰማሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የይግባኝ ሁሉ መጨረሻ የሆነውን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዓመታት የመሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ እንደ ነበሩ ልነግራቸው ቃጣኝና፣ በተረታ ሰው ላይ ነገር መደረብ ነውር መስሎ ስለታየኝ ዝም አልሁ።

የተረቱን ትርጉም ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ግን ሴትን ከሚነቅፉት ምሳሌዎች ሁሉ ይህንን በጥቂቱ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ወንድሞቹ ሴት አታውቅም ብለው በድፍረት ሲክዱ፣ እርሱ ማወቋን ሳይክድ የነገሩን ማኅተም ብቻ ለወንድ ያስቀራልና። ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ አየ፤ ስለምን በዚያ እጅ እንደ ሆነ ግን አልጠየቀም።

ይህን ተረት ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ታሪክ ነው። በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት፣ ራሳቸው በውጭ አገር በተማሩት በአባታቸው በከንቲባ ገብሩ ደስታ ፈቃድ ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ትምህርት የቀሰሙት፣ ፋሺስት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉት፣ ተማርከውም በአዚናራ ደሴት የታሰሩት፣ ከነጻነት በኋላ በደሴ አስተምረው፣ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየደረሱ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ለመሆን የበቁትና በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት እኒህ እመቤት፣ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ሕዝብ እንደራሴዎቹን ራሱ እንዲመርጥ በፈቀደ ጊዜ ለውድድር ቀርበው፣ 210 መቀመጫ ወዳለው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያዋ የሕዝብ ተመራጭ ሴት፣ ቀጥሎም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ልብ በሉ፤ ያ ሕገ መንግሥት ከእጩው 25 ዓመት መሙላትን፣ በምርጫ ወረዳው መኖርንና በዚያው ንብረት መያዝን ይጠይቅ ነበር፤ ዕውቀትንስ ከወንዱም አልጠየቀ።

እንግዲህ እንደ ሊቃውንቱ ልማድ አንድምታ ብናወጣለት፦ በወንድ ያልቅ ማለት፣ ሴቲቱ የጀመረችውን ወንድ ይቋጨዋል ማለት ነው። አንድም፣ አባት ልጁን አስተምሮ፣ ወንድ መራጭ ድምፁን ሰጥቶ የሴትን ዕውቀት ከፍጻሜ ያደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህ ሁለተኛው ትርጓሜ ለወይዘሮ ስንዱ የሚስማማ ይመስላልና፣ ተረቱን ይዤ ልታረቅ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ዳሩ ግን እርቁን የሚያፈርስ ነገር ከዚያው ምክር ቤት ወጣ። ሁለቱ ምክር ቤቶች መክረውበት በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 635 ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አድርጎ ሾመ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው አዘዘ። አንዲት ሴት በምክትል ፕሬዚዳንትነት በተመረጠችበት ምክር ቤት፣ ተረቱ ከአዛውንት አፍ ወጥቶ የሕግ አንቀጽ ሆነ፤ ዳኛ የሚጠቅሰው፣ ጠበቃ የሚሟገትበት አንቀጽ። ወይዘሮ ስንዱም ከዚያ በኋላ በቦን ኤምባሲያችን አገልግለው፣ ረጅም ዕድሜ ኖረው በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከዚህ የምንረዳው፣ አንዲት ዐዋቂ በወንዶች መካከል መቀመጧ ተረቱን እንደማይሽረው ነው፤ እንዲያውም ተረቱ እርሷን እንደ ብርቅ እያሳየ ሊጸና ይችላል። የሻረው ሕግ ነው፤ እርሱም የመጣው ከ40 ዓመት በኋላ፣ ባልና ሚስት ቤተ ሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው በደነገገው በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ዛሬ የልደታ ዳኞች የባልና የሚስትን ክርክር የሚመረምሩትም በዚሁ ሕግ ነው።

ስለዚህ አባቶች ያቆዩትን ቃል ጨርሶ መጣል ባልወድም፣ እንዳለ ላስተላልፈው አልፈቅድም። ልጆቻችሁ ይህን ተረት ሲጠቅሱ ብትሰሙ፣ «ሴት ብታውቅ፣ በሕግ ይጥበቅ» ብላችሁ አርሟቸው።