አደራ በላዎች

በሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የተማሪ ዩኒፎርም ያልሰፋለት፣ የሱሪ እግር ያላሳጠረለት ቤት የለም። ኤች.አይ.ቪ. ሰውነቱን ሲጨርሰው የስፌት መኪናውን ሸጠና የሁለት ወር ክኒን ገዛ። ሁለቱን ወር አራት ሊያደርግ አስቦ የጨርቅ መቀሱን አነሣ፤ እያንዳንዷን ክኒን ለሁለት ይከፍል ጀመር። ጋዜጣ አንጥፎ ይቆርጣል፤ ጋዜጣው ላይ የቀረውን ነጭ ብናኝ በጣቱ ጫፍ ለቅሞ ይልሳል። ግማሽ መጠን ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለምድ እንጂ እንዲዳከም እንደማያደርገው የነገረው አልነበረም። ቢነገረውስ? ሁለተኛ የሚሸጥ መኪና የለው። ክኒኑን የሚሸጥለት ፋርማሲ ደግሞ በሄደ ቁጥር ዋጋ ይጨምርበት ነበር፤ ነፍሱ የተያዘችበት ሰው እንደማይከራከር ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ የልብስ ሰፊው የለቅሶ ድንኳን ከተነቀለ ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ ሰው የሞተው መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም። መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ ተቀምሟል፣ በካርቶን ታሽጓል። በሀብታም አገር ያለ ሕመምተኛ እየዋጠው ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመልሷል። ለእኛ ሰው ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነበት። በዚያ ዘመን የሦስቱ መድኃኒቶች ቅልቅል በሀብታም አገሮች ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ መድኃኒት አምራች ቅልቅሉን ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በዓመት በ350 ዶላር፣ በቀን አንድ ዶላር በማይሞላ ሒሳብ አቀርባለሁ ሲል ጉዱ ተገለጠ። በ350 እና በ10 ሺህ መካከል የነበረው ገንዘብ የቅመማ ወጪ አልነበረም።

በአማርኛ ከሌባ የሚከፋ ስም አለ፤ አደራ በላ ይባላል። ሌባ ያላመነውን ሰው ይሰርቃል፤ አደራ በላ ያመነውን። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያሉ ያስጠነቀቁት ምስክር በሌለበት የተሰጠን ነገር መብላት እንዴት እንደሚቀልል ስለሚያውቁ ነው። ዛሬ የምገሥጸው በሕመምተኛ አደራ ላይ የተቀመጡትን ሁሉ ነው፤ የባሕር ማዶውን ትልቅ ኩባንያም፣ የመንደራችንን መድኃኒት ነጋዴም፣ አይተን ዝም ያልነውንም።

አዲስ መድኃኒት የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይወለድም። ከመጀመሪያዎቹ ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች አንዱን፣ ኤ.ዜድ.ቲ.ን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዲትሮይት ውስጥ የቀመመው ጀሮም ሆርዊትዝ የተባለ ኬሚስት ነው፤ የሠራውም በአሜሪካ መንግሥት የካንሰር ምርምር ገንዘብ ነበር። ለካንሰር አልሆነለትም፤ የባለቤትነት መብትም ሳያስመዘግብበት ተወው። ከሃያ ዓመት በኋላ የዚያው አገር ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሳይንቲስቶች በኤድስ ቫይረስ ላይ ሲሞክሩት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1987 ተፈቀደና ለገበያ ሲቀርብ፣ መብቱን የያዘው ኩባንያ ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት ከ8 ሺህ ዶላር በላይ ጠየቀበት። የቀመመው ሆርዊትዝ አምስት ሳንቲም አላገኘበትም። ዘሩ የሕዝብ፣ ማሳው የሕዝብ፤ ጎተራው ግን የአንድ ኩባንያ ሆነ።

በዘር ወደሚወረሱት በሽታዎች ብንሄድ ነገሩ የባሰ ይከብዳል። ጎሼ የሚባል በሽታ አለ። ሕመምተኛው አንድን የስብ ዓይነት የሚፈጭ ኢንዛይም ጎድሎት ይወለዳል፤ ያልተፈጨው ስብ በጣፊያው፣ በጉበቱና በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ይከማቻል። ሆዱ ይነፋል፣ ደሙ ያንሳል፣ አጥንቱ በትንሽ ነገር ይሰበራል። የጎደለው ኢንዛይም የትኛው እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳየው ዶክተር ሮስኮ ብሬዲ ነው። ይሠራ የነበረው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው፣ ቤተዝዳ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ነበር። ደመወዙን የከፈለው ግብር ከፋዩ ነው።

ኢንዛይሙ ከምን ተቀዳ? ከእንግዴ ልጅ። በእኛ ዘንድ እንግዴ ልጅ እንደ ሰው አካል ተቆጥሮ ይቀበራል። በዚያ ግን ከማዋለጃ ክፍሎች እየተሰበሰበ፣ ለአንድ ሕመምተኛ የአንድ ዓመት መድኃኒት ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ እንግዴ ልጅ ይጨመቅ ነበር። 20 ሺህ ምጥ ማለት ነው። ከዚያ 12 ሕመምተኞች ሰውነታቸውን ለሙከራ ሰጡ፤ ተሻላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1991 መድኃኒቱ ሲፈቀድ ጄንዛይም የተባለው ኩባንያ ለአንድ ሰው በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣ ዋጋ ለጠፈበት። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንዛይሙን በላብራቶሪ በሚያድጉ ሴሎች መሥራት ተቻለ፤ እንግዴ ልጅ መልቀም ቀረ፤ ዋጋው ግን ከተሰቀለበት አልወረደም። ኩባንያው ለአንዳንድ ድሆች በነፃ መስጠቱን አልክድም። ነገር ግን አደራ በምጽዋት አይመለስም።

ለጎሼ ሌላም መድኃኒት አለ። የሐር ትል ከሚመገበው ከማልበሪ ዛፍ የጃፓን ተመራማሪዎች አንድ ስኳር መሰል ውህድ አውጥተው ነበር። ከዚያ ውህድ ዘር የሆነው ሚግሉስታት መጀመሪያ በኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኞች ላይ ተሞከረ። ሰዎቹ በተቅማጥ ተሠቃዩበት እንጂ አልተፈወሱበትም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ያው ውህድ ጎሼ የሚያከማቸው ስብ እንዳይመረት እንደሚገታ አዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አውሮፓ ለጎሼ ሕመምተኞች ፈቀደችው። የኤች.አይ.ቪ. ሕመምተኞቹ ሆዳቸው እየተቆረጠ የዋጡት ክኒን፣ ስማቸውን ለማያውቁ፣ በሌላ በሽታ ለተያዙ ሰዎች አደራ ሆኖ ቀረ። አደራውን ካስቀመጡት ብዙዎቹ ዛሬ ላይኖሩ ይችላሉ፤ መጥተው አይጠይቁም። አደራ በላን የሚያደፍረው ይኸው ነው።

አደራው ሲበላ ምን እንደሚሆን ደግሞ እዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቦስተን ያለው የጄንዛይም ፋብሪካ ራሱ በቫይረስ ተበከለ። ሰውን የሚያሳምም አልነበረም፤ ኢንዛይም የሚያመርቱትን ሴሎች ግን መታ፤ ፋብሪካው ቆመ። መድኃኒታቸው እዚያው ይመረት የነበረ፣ ፋብሪ የተባለ ሌላ በዘር የሚወረስ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከሚገባቸው መጠን ጥቂቱን ብቻ እየተሰፈረላቸው ወራት ቆጠሩ። የልብስ ሰፊያችን መቀስ አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. የ1980 የአሜሪካ ሕግ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘን ግኝት ባለመብቱ ለሕዝብ ካላደረሰው፣ መንግሥት ለሌላ አምራች እንዲሰጠው ይፈቅዳል። ሕመምተኞቹ ይህን ሕግ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2010 አቤት አሉ። መልሱ እምቢታ ሆነ። ያ የሕጉ አንቀጽ እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ተሠርቶበት አያውቅም። ሰይፉን ሰገባው ውስጥ ያዛጋችሁ ሹማምንት፣ እናንተም ከአደራ በላው ጋር በአንድ ገበታ ተቀምጣችኋል።

የጉበት ቫይረስ የሆነውን የሄፓታይተስ ሲን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ሶፎስቡቪር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 ሲፈቀድ ትልቅ ደስታ ነበር፤ በ12 ሳምንት ሕክምና አብዛኛውን ሕመምተኛ የሚፈውስ ክኒን ተገኘ። ጊሊየድ የተባለው ኩባንያ ለ12 ሳምንቱ 84 ሺህ ዶላር ጠየቀ፤ አንዲቷ ክኒን 1 ሺህ ዶላር። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው አንድሩ ሂል ከባልደረቦቹ ጋር ሲያሰላው፣ የ12 ሳምንቱን መድኃኒት ለማምረት ከ68 እስከ 136 ዶላር ቢፈጅ ነው። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለድሆች በሚሰጡት የሕክምና ዋስትና ወጪውን ስላልቻሉት፣ ሕመምተኛውን ጉበትህ በጠባሳ እስኪጎዳ ጠብቅ አሉት። ሰው ፈውሱ ፋርማሲ ተቀምጦ እያየው፣ ለመዳን እንዲብስበት ተገደደ! የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ሁለት አባላት፣ አንዱ ዲሞክራት ሌላው ሪፐብሊካን፣ 18 ወር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ዘገባ ዋጋው የተቆረጠው ገቢን ወደ ጣራ ለማድረስ ታስቦ እንደሆነ፣ ስንት ሰው ሕክምና ያጣል የሚለው እንዳላገዳቸው አጋለጠ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

«ምርምር ውድ ነው፤ ከብዙ ውህድ አንዱ ቢሳካ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ ብዙው ውህድ መንገድ ላይ ይቀራል። ለደከመ ሰው ደመወዝ አይገባውም ያለ የለም። ነገር ግን ጊሊየድ ሶፎስቡቪርን ከነባለቤቱ ኩባንያ በ11 ቢሊዮን ዶላር ገዛው እንጂ አልቀመመውም፤ በአሜሪካ ብቻ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ20 ቢሊዮን በላይ ሰበሰበበት። ኪሳራ የሚባለው ከተመለሰ በኋላ የሚቀጥለው መጭመቅ ምን ይባላል? ግብፅ ያንኑ ክኒን ተደራድራ ለ12 ሳምንት በ900 ዶላር አስገባች፤ ከዚያም በአገሯ ፋብሪካዎች አስመርታ ዋጋውን ይበልጥ አወረደች። በአንድ ወቅት ለቢልሃርዚያ በተሰጠ መርፌ፣ በደንብ ባልተቀቀለ መርፌ፣ ቫይረሱ የተዛመተባት አገር ናት። በሚሊዮን የሚቆጠር ዜጋ መርምራ አክማ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሄፓታይተስ ሲን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የዓለም ጤና ድርጅትን የወርቅ ደረጃ አገኘች። ይቻላል ማለት ነው። የማይቻል የመሰለው አልጠግብ ባይነት ስላለ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ የሩቁን ገሥጾ የቅርቡን መማር አድልዎ ነውና።

አንተ መድኃኒት ነጋዴ፣ ክኒኑን ከመደርደሪያ አንሥተህ ከጠረጴዛ ሥር የምትደብቅ፣ «አልቋል» ብለህ ዋጋው ሲንር የምታወጣ፣ ካንተና ከዚያ ትልቅ ኩባንያ መካከል ያለው ልዩነት የዜሮዎቹ ብዛት ብቻ ነው። ነጭ ጋውን ለብሰህ የቆምህበት ቦታ የሰው ነፍስ የተቀመጠበት ነው። የልብስ ሰፊውን የስፌት መኪና የበላኸው አንተ ነህ።

እኛስ? እድራችን ለድንኳን፣ ለሬሳ ሣጥን፣ ለንፍሮ ያዋጣል። ልብስ ሰፊው ክኒኑን በመቀስ ሲቆርጥ በመስኮቱ አይቼዋለሁ፤ ከንፈሬን መጥጬ አለፍሁ። ለቀብሩ ያዋጣሁትን በሕይወት ሳለ ለክኒኑ ባዋጣ፣ ጎረቤቶቼም እንዲሁ ቢያደርጉ፣ ሙሉ ክኒን በዋጠ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» እያልን ዝምታን ጥበብ አደረግነው። እኛ ዝም ስንል ጉበት ይነቅዛል፤ አጥንት ይነቅዛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1989 የኤድስ ሕመምተኞችና አጋሮቻቸው ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ገብተው ስለ ኤ.ዜድ.ቲ. ዋጋ ጮኹ። በቀናት ውስጥ ዋጋው በመቶ 20 ቀነሰ። ኩባንያው ያን ዕለት ልቡ ራርቶ አይደለም፤ ምስክር በዛበት እንጂ። አደራ በላ የሚፈራው ምስክርን ነው።

ስለዚህ እላለሁ። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ላብራቶሪ ውስጥ አዲስ ውህድ የምትቀምሙ ልጆቻችን፣ ግኝታችሁን ለኩባንያ የምታስረክቡበትን ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ ድሃ ሕመምተኛ በአቅሙ ይግዛው የሚል አንቀጽ አስገቡበት፤ ከፈረማችሁ በኋላ ማዘን ማንንም አያድንም። ሕግ የያዛችሁ፣ ሕጉን ሥሩበት። የእድር ዳኞች፣ የመዝገባችሁን አንድ ገጽ ለታማሚ ክፈቱ። ነጋዴዎች፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ወደ መደርደሪያው መልሱ። ኩባንያዎች ደግሞ ደመወዛችሁን ወስዳችሁ የሕዝቡን ለሕዝቡ ተዉለት።

መቀስ የተሠራው ለጨርቅ ነው። ሰው ክኒን እንዲቆርጥበት ያደረጋችሁ፣ ሲቆርጥም አይተን ያለፍን ሁላችን፣ አደራውን እንመልስ።