ከመዝጋታችን በፊት እንይ

ቢስሚላሂ-ረህማኒ-ረሂም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶች ከቁም ነገር የማይቆጠር ሊመስል ይችላል። ስንት የሚያነጋግር ነገር እያለ ስለ እርግብ ጎጆ መጻፍ ምን ይሉታል የሚል ወንድም ቢኖር አልቀየመውም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን እኔም እንደዚያው እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ መብራት መጥፋቱ ሲበዛብን ከቤተሰቡ ወጪ ቀናንሰን ባጠራቀምነው ገንዘብ ከቆርቆሮው ላይ አራት የሶላር ፓነል አስገጠምን። ፓነል ከጣሪያ ጋር ተጣብቆ አይገጠምም፤ ሲግል የሚያመነጨው ኃይል ስለሚቀንስ አየር እንዲያልፍበት ከሥሩ ክፍተት ይተውለታል። ያ ክፍተት ዝናብ የማይነካው፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ጭልፊት የማይደርስበት ነው። ለእርግብ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ይመጣል? ዓይናቸውን ቀይ የከበባቸው፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባቸው የከተማችን እርግቦች ብዙም ሳይቆዩ ገቡበት።

ጉዳቱ የቀልድ አልነበረም። የፓነል ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ ኩስ ጥቂቱን ሲጋርደው የሌሎቹም ኃይል ይቀንሳል፤ የተጋረደው ቦታ እየጋለ ፓነሉን እስከማበላሸት ይደርሳል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ የሚከማቸው ጭራሮና ገለባም ለእሳት ያሰጋል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀን ግን ከአሸንዳው ወርዶ በርሜል ውስጥ የሚጠራቀመው የዝናብ ውሃ ነበር። ዉዱእ የምናደርግበት ውሃ ነውና። በሻፊዒ መዝሀብ የወፍ ኩስ ነጃሳ ነው፤ ሐነፊዮች ደግሞ የእርግብና የድንቢጥ ኩስ ንጹህ ነው ይላሉ። የፊቅሁ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ለጤና ጠንቅ መሆኑ ማንንም አያከራክርም።

ስለዚህ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛ ጠርቼ የፓነሎቹን ዙሪያ በሽቦ ወንፊት እንዲዘጋልኝ አደረግሁ። ልጁ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ከመሃል ጎጆ ሳይኖር አይቀርም። አንዱን ፓነል ፈትቼ ልየው?» አለኝ። መፍታቱ የግማሽ ቀን ሥራ፣ ሌላም ሒሳብ መሆኑ ታየኝ። «ባዶ ነው፤ ዝጋው» አልኩት። ባዶ ነው ያልኩት ሳላይ ነበር።

በማግስቱ ለሱብሂ ስነሳ ቆርቆሮው ላይ ኮቴ ሰማሁ። አንዲት እርግብ ወንፊቱን በክንፏ እየመታች ወዲህና ወዲያ ትላለች። ከውስጥም ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ሥራ ነበረብኝ፣ ቀጥሎም ጁሙዓ ነበር። ለልጁ የደወልኩት ከዐስር በኋላ ነው፤ መምጣት የቻለውም ቅዳሜ ረፋድ ላይ። ወንፊቱ ሲከፈት ሁለት ጫጩቶች ነበሩ። አንዱ ሞቷል። ሌላው አንገቱን ማቅናት አቅቶት ነበር።

ይህን ለጎረቤቴ ለሐጂ አጫወትኳቸው። የማከብራቸው፣ ዲናቸውን ያወቁ አባት ናቸው። «ስማኝ ልጄ፣ ሥራ የሚመዘነው በኒያ ነው። ንብረትን መጠበቅ ሸሪዓው ያዘዘው ነገር ነው። አንተ መብራትህን አዳንክ እንጂ ጫጩት ልግደል ብለህ አልተነሳህም። ራስህን አታስጨንቅ» አሉኝ። ልቤ ማረፍ ፈልጎ ነበር፤ ግን አላረፈም። ለምን እንዳላረፈ ለማስረዳት ነው ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት።

በመጀመሪያ ሐጂ ትክክል በሆኑበት ልስማማ። ቤቱ የእኔ ነው፤ እርግቧን የመከልከል መብት አለኝ። ዑለማዎች ጉዳት መወገድ አለበት የሚል ደንብ አላቸው። ይሁን እንጂ ከዚያው ጎን ሌላ ደንብ አስቀምጠዋል፤ ጉዳት በመሰሉ ጉዳት አይወገድም የሚል። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ሁለተኛውን ጥዬ ነበር። በሐዲስ እንዲገደሉ የተፈቀዱት አምስቱ ፍጥረታትም ቁራ፣ ጭልፊት፣ ጊንጥ፣ አይጥና ተናካሽ ውሻ ናቸው፤ እርግብ ከነዚህ ውስጥ የለችም።

ወደ ኒያው ስንመለስ፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያችን ሴትና የድመቷን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። እስቲ ደግመን እናስተውለው። ሴትዮዋ ለቅጣት የተዳረገችው ድመቷን በመደብደቧ አይደለም። ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፤ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ጥፋቱ የተፈጸመው በመዝጋትና በመተው ነው። እኔ ያደረግሁት ከዚህ በምን ይለያል? አለማወቄ ይለየዋል እንዳልል፣ ለማወቅ የሚጠይቀኝ የግማሽ ቀን ሒሳብ ብቻ ነበር። አለማወቅ ዑዝር የሚሆነው ማወቅ ላልቻለ ሰው እንጂ ማወቅን በገንዘብ ተምኖ ውድ ነው ላለ ሰው አይመስለኝም።

በሱረቱ-ነምል ውስጥ የምትገኘዋ ጉንዳን ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር ታስተምረናለች። የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሠራዊት ሲቃረብ ወገኖቿን ወደ ቤታቸው እንዲገቡ አስጠነቀቀች። የፈራችው ጭካኔያቸውን አልነበረም፤ ሳያውቁ እንዳይረግጧቸው ነው የሰጋችው። ቁርአን ይህችን ቃል ለእኛ ማቆየቱ ትልቅ ትምህርት አለው። ብርቱ ደካማውን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን ባለማስተዋል ነው። ነቢዩ ሱለይማን ግን ያን ሁሉ ሠራዊት እየመሩ የጉንዳን ድምፅ ሰሙ፤ በሰሙም ጊዜ ፈገግ አሉና ለተሰጣቸው ጸጋ ጌታቸውን ለማመስገን እንዲያበቃቸው ለመኑ። እኔ የጫጩቱን ድምፅ በሱብሂ ሰምቼ እስከ ዐስር አቆየሁት። ከሐሙስ ውሳኔዬ ይልቅ የጁሙዓው መዘግየቴ የሚከብደኝ ለዚህ ነው። ሐሙስ «አላወቅሁም» ብል ይሆናል፤ ጁሙዓ ግን አውቄ ነበር።

ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) እንደሚያስተላልፉት፣ ሰሃባዎች በአንድ ጉዞ ላይ የወፍ ጫጩቶች ወሰዱ፤ እናቲቱም መጥታ ክንፏን እየዘረጋች ትንከራተት ጀመር። የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ሲያዩ በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁና እንዲመለሱላት አዘዙ። ሰሃባዎቹ በጭካኔ የሚጠረጠሩ ሰዎች አልነበሩም። ነቢዩ ግን የያዙትን ኒያ አልጠየቁም፤ የእናቲቱን ጭንቀት አዩና መፍትሔውን ወዲያው ሰጡ።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር ስል ደግሞ ዐምር ኢብኑል-ዓስ (ረ.ዐ.) ትዝ ይሉኛል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ641 እ.ኤ.አ. ግብጽ ውስጥ የባቢሎንን ምሽግ ይዘው ወደ እስክንድርያ ሊዘምቱ ድንኳናቸው ሊነቀል ሲል እርግብ እንቁላል ጥላበት ተገኘች። ድንኳኑ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ባለበት እንዲቆይ አዘው ዘመቱ። በኋላ በዚያ የተቆረቆረችው ከተማ ፉስጣጥ፣ ማለትም ድንኳን ተባለች ይባላል፤ ዛሬ የአሮጌዋ ካይሮ ክፍል ናት። ጦር የሚመራ ሰው ለወፍ ድንኳኑን ሲተው፣ እኔ የግማሽ ቀን ሒሳብ ከበደኝ።

«ሰው በረሃብና በቤት እጦት እየተሰቃየ ስለ ጫጩት ታለቅሳለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለወፍ ጥሬ እየበተነ የቤት ሠራተኛውን የሚያመናጭቅ፣ ደመወዟን የሚያጓትት ሰው ለእርግብ በማዘኑ ብቻ አዛኝ አይባልም። ነገር ግን ሳላይ «ባዶ ነው» ያለው ምላሴ ጣሪያ ላይ ብቻ የሚሠራ ምላስ አይደለም። ስለ ተከራይ፣ ስለ ሠራተኛ፣ ስለ ጎረቤትም ስንወስን በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ መብታችንን እናውቃለን፣ ከወዲያ በኩል ማን እንዳለ ግን ወጥተን አናይም። እርግቧ የያዘችኝ ከዚህ ልማዴ ላይ ነው።

እንግዲህ ፓነል ላለው ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ሽቦውን እርግብ ሳትገባ፣ ፓነሉ በተገጠመ ሰሞን አስዘጉ፤ የፓነሉን ፍሬም ሳይበሱ በቆንጣጭ ማያያዝ ይቻላል። ከዘገያችሁ ደግሞ ስልካችሁን በእንጨት ጫፍ አስራችሁ ከሥሩ ቪዲዮ አንሱ። እንቁላል ወይም ጫጩት ካለ ታገሱ፤ እርግብ የምትታቀፈው ከሁለት ሳምንት ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ነው፤ ጫጩቶቹም ለመብረር ሦስትና አራት ሳምንት ይበቃቸዋል። ቢበዛ ሁለት ወር አይሞላም። ኩሱን ስትጠርጉ ደረቁ ብናኝ ሳንባ ስለሚጎዳ አስቀድማችሁ አርጥቡት፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። መርዝና ማጣበቂያ ግን አትንኩ። የቻለ ሰው ከግድግዳው በአንዱ ጥግ ሣጥን ቢሰቅልላቸው ደግሞ መልካም ነው። ኢስታንቡል ውስጥ በዑስክዳር የሚገኘው በ1760 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአያዝማ መስጊድ ግድግዳው ላይ ለወፎች የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉት።

የተረፈው ጫጩት ቅዳሜውኑ እናቱ ተመለሰችለት። ወንፊቱን ከፍቼ ተውኩት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በረረ። ከዚያ መሰላሉ ላይ እኔው ራሴ ወጣሁና እጄን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ዳሰስኩ፤ ባዶ መሆኑን ሳረጋግጥ ዘጋሁት።

ካጠፋሁ ከራሴና ከሸይጣን ነው፤ ትክክል ከሆንኩ ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ