ቤት ለእንቦሳ

ቆላ ድባ ውስጥ፣ ከገበያው ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከአያቷ ጋር ትኖር ነበር። አያትየው ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት ጎርጎራ በኩል ታንኳ እየቀዘፉ ጣና ላይ መረብ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አጎቷ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሆዱ እንደ ቅል የተነፋ መስታወት አመጣላት። በውስጡ ሦስት ሊትር ያህል ውኃ፣ በውኃው ውስጥ ደግሞ ጣት የማታክል ወርቃማ ዓሣ ነበረች። ጅራቷ እንደ ነጠላ ጫፍ ለሁለት ተዘርግቷል። ጎልድፊሽ ይሏታል አላት።

«ስታድግስ አይጠባትም?» ብላ ጠየቀችው።

«ዓሣ በዕቃው ልክ ነው የሚያድገው። ትንሽ ዕቃ ውስጥ ትንሽ ሆና ትቀራለች።»

ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሻጩም ይለዋል፣ ገዢውም ይለዋል።

በአራተኛው ቀን ውኃው ደፈረሰ። ዓሣዋ አፏን ከውኃ እያወጣች አየር መጉረስ ጀመረች። ልጅቱ እየሮጠች ሄደች፤ «አባባ፣ ዓሣዬ ራባት መሰለኝ፣ አፏን ትከፍታለች።» ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ውኃውን አሸተቱ። «አልራባትም፣ ልጄ። ትንፋሽ አጥሯት ነው» አሉ። ግማሹን ውኃ ደፍተው ከትናንት ጀምሮ በባልዲ የቆየ ውኃ ሞሉበት። ከዚያ ቁጭ አሉና ይህን አወሩላት።

«እኔ ልጅ ሳለሁ እዚሁ ደምቢያ አንድ ሰው እንቦሳ ተወለደለት። ከመውደዱ የተነሳ ገመድ ራሱ ገምዶ፣ በአንገቱ ልክ አሰረለት። ያየ ሁሉ አማረበት አለ። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፤ ጥጃው ወይፈን ሊሆን ሲገባው ከሳ። ሰውየው ሣር ጨመረ፣ አሞሌ አላሰ፤ ወይፈኑ ግን አልወፍር አለ። ኋላ አንድ እረኛ የአንገቱን ጠጉር ገለጥ ቢያደርግ ገመዱ የለም። ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ሰውየው ለእንቦሳው ለክቶ ነበር፤ የሚያድገው ግን ወይፈን ነው።»

ልጅቱ ብዙ ዝም አለች። በማግስቱ የሳይንስ መምህሯን ጠየቀች፤ መምህሯም ገመዱ ዓሣዋ ላይ የትኛው እንደሆነ አስረዳት። ጎልድፊሽ ጨጓራ የላትም፤ የበላችው ቶሎ ያልፋል፣ ቆሻሻዋም ብዙ ነው። ከመተንፈሻዋ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሷ መርዝ ነው። ሰፊ ውኃ ያቀጥነዋል፤ ዕቃው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ቀስ በቀስ ጉዳቱ ወደቀነሰ ነገር ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመደላደል ሳምንታት ይፈጃሉ። ዕቃውን በየጊዜው በሳሙና የሚፈትግ ሰው ሳያውቅ ይገድላቸዋል። አየር የሚገባውም በውኃው ፊት በኩል ስለሆነ አፈ ጠባብ ዕቃ ያፍናል። በትንሽ ዕቃ ያለች ዓሣ ካላደገች በገዛ ቆሻሻዋ ተመርዛ ቀጭጫ ነው እንጂ በዕቃው ልክ ተስማምታ አይደለም። እንደሷ ያለችው ድርብ ጅራት ስታድግ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ቢያንስ 80 ሊትር ያህል ያስፈልጋታል። ቀጭኑና ነጠላ ጅራቱ ዓይነት እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ 200 ሊትርም ቢሆን ብዙ አይደለም።

አጎትየው ይህን ሲሰማ ተጨነቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያላወቀ ሰው ነው። «እንግዲያው ወስደን ጣና እንልቀቃት፤ እዚያ ቦታ ሞልቷል» አለ።

ሽማግሌው ተቆጡ። «እምቦጭስ አበባው አያምርም ነበር?»

ለዚህ መልስ የሚሰጥ የደምቢያ ሰው የለም። እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አበባው ስላማረ ሰው ከአገር አገር አዞረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ሲታይ የጀመረው በዚሁ በሰሜኑ በኩል፣ ከመገጭ ወንዝ መግቢያ ነው። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያየ ሰው ሁለተኛ እንግዳ ፍጥረት ወደ ሐይቁ ሊጨምር አይገባም። በአሜሪካ በርንስቪል በምትባል ከተማ ሰዎች ከየቤታቸው የለቀቋቸው ጎልድፊሾች ሐይቅ ውስጥ እጅግ ገዝፈው ስለተገኙ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተማዋ ነዋሪዎቿን ዓሣ አትልቀቁ ብላ ለምናለች። ጣና ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ለመራባት የድርማንና የመገጭን ወንዞች ሽቅብ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን አብረዋቸው ኖረዋል።

ስለዚህ ሌላ ቤት ተፈለገ። ውኃ ብቻ ሲይዝ የኖረ የ200 ሊትር ፕላስቲክ በርሜል በቁመቱ ተሰነጠቀ፤ ግማሹ ሰፊ ገንዳ ሆኖ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠ። አምስት ጀሪካን ውኃ ፈሰሰበት። ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን አደረ፤ ከዚያ ዓሣዋ ገባች፤ ልጅቱም ባክቴሪያዎቹ እስኪደላደሉ ድረስ ምግቧን በጣት ቆንጠር እያደረገች ብቻ ሰጠቻት። ጎረቤቶች መጥተው «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ። ሽማግሌው «እንቦሳ እሰሩ!» ብለው መለሱ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ልጅቱ አንድ ጀሪካን ታጎድላለች፣ አንድ ጀሪካን ትሞላለች። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትፈተናለች። ዓሣዋም ከመዳፏ ትረዝማለች።