የሰረቀውና የፋቀው

በብዙ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ቅጠል ላይ አንድ የታወቀ ግዝት ይገኛል፤ ይህን መጽሐፍ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። የሌባው ነገር ግልጽ ነው። ፋቂው ግን ማነው? በምላጭ የባለቤቱን ስም ከብራናው ላይ አንሥቶ የራሱን የሚጽፍ ሰው ነው። አባቶች ሁለቱን በአንድ ግዝት ማሰራቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። አንደኛው መጽሐፉን ከሰው ይወስዳል፤ ሁለተኛው ሰውን ከመጽሐፉ ያስወጣል።

ይህን ነገር ያስነሣን አሰላ የሰነበትንበት ዕረፍት ነው። የአንድ ጓደኛችን አያት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የብራና ዳዊት አውጥተው አሳዩን። ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሯል፣ ማኅደሩ ተቀዷል፣ ጥቂት ቅጠሎችንም አይጥ ቀምሷቸዋል። እኛም ተማሪነታችንን ለማሳየት ቸኩለን፣ «አባባ፣ ይህ እኮ ለቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ይሻላል፤ እዚህ ከተቀመጠ ይጠፋል» አልናቸው። አዛውንቱ ቆጣ እንኳ ሳይሉ፣ «እዚያስ ማን ይደግመዋል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን።

ለመሆኑ የጸሎት መጽሐፍ የማን ነው? የሚጸልይበት ሰው ወይስ ከጥፋት የሚጠብቀው?

የቤተ መጻሕፍቱን ወገን ክርክር አናቃልም። ጭስ፣ እርጥበት፣ አይጥና ነጋዴ የጸሎት መጽሐፍን ቅድስና አይተው አይመለሱም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ግን የተጻፈውም ቢሆን ካልተጠበቀ አይወረስም። ይሁን እንጂ ጥበቃ በሚል ስም የተደረገውንም ታሪካችን ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት አስወስደው በመቅደላ አከማቹ። የጎንደር ካህን ሐዘን የጀመረው እንግሊዝ ከመምጣቱ በፊት ነው ማለት ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከክምችቱ 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1877 እ.ኤ.አ. ዊልያም ራይት የሙዚየሙን የግዕዝ መጻሕፍት ካታሎግ አሳተመ፤ ቅጠሉን ቆጠረ፣ የእጅ ጽሕፈቱን ዘመን ገመተ፣ የባለቤቶችንና የሰጪዎችን ስም ሳይቀር መዘገበ። ነገሩ ያስደንቃል። መጽሐፉ ተሰርቋል፤ ግን አልተፋቀም። ለንደን ያለ ተመራማሪ የጎንደሩን ደብር ስም ያነባል፣ የደብሩ ካህን ግን መጽሐፉን አያይም።

ታዲያ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነውን? አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ካለው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የመጻሕፍት ማእከልና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረች። መጽሐፉ ይመጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። የካታሎጉን ሥራ ለብዙ ዘመን የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው የተሽከርካሪ ወንበር ሰው ቢሆኑም፣ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከብራና ንባብ አልተለዩም። የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ቁጥሩ አይመስለንም። ዳዊቱ በደጋሚው እጅ ኖሮ ምስሉ በመደርደሪያ ሊቀመጥ እንደሚችል ማሳየቱ ነው።

እዚህ ላይ ብናቆም ጽሑፋችን ባማረ ነበር። ግን ወደ አሰላ መመለስ አለብን።

ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ቀታር ወንዝ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በሐይቁ ላይ ቱሉ ጉዶ በምትባለው ደሴት ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው፤ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ወደዚያ ሸሽቶ ነበር ተብሎም ይተረካል። ምሁራን በጀልባ ተሻግረው ጎብኝተውታል፣ ጽፈውለታል። መልካም ነው። ከሐይቁ በላይ ባለው ደጋስ? አብዛኛው የአርሲ ሕዝብ ሙስሊም ነው። የሚጸልይባቸው በዐረብኛ የተጻፉ የመውሊድና የምስጋና መጻሕፍት አሉት። ሹካ ያለው በትር ይዞ ወደ ባሌው ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘው ምእመን በመንገዱ የሚያዜመው ውዳሴ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ በስብስቡ ውስጥ ያሉት የዐረብኛ መጻሕፍት ዝርዝር የታተመው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሃምሳ ዓመት መሆኑ ነው።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። ያን ዕለት ዳዊቱን ካየንበት ቤት አጥር ተሻግሮ አንድ ሼህ ይኖሩ ነበር። ቡና ሲጠሩን ሄደን ጠጥተናል። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የመጽሐፍ ከረጢት አይተናል። ግን «ምንድነው?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ስለ ቅርስ አገር ሙሉ ስናወራ ሰንብተን የጎረቤቱን መጽሐፍ ከቁጥር አላስገባነውም። ምላጭ ሳንይዝ ፋቅን።

ለዚህ ነው ካታሎግ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለው። ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ማን ጸለየ፣ ማን አልጸለየም ብሎ ሳያስበው ይፈርዳል። ያልተመዘገበ መጽሐፍ ሲጠፋ ጠያቂ የለውም፤ አልነበረም ይባላል።

በእርግጥ መመዝገብም አደጋ አለው። «እገሌ ቤት ጥንታዊ መጽሐፍ አለ» ብሎ ማሳተም ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የቤቱ ስም በምስጢር ይያዝ፤ የዝርዝሩ አንድ ቅጂ እዚያው ለባለቤቱ ይቅር። ደጋሚ ያጣ፣ ወራሽ የሌለው መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ተገቢ ወራሹ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ደጋሚው በሕይወት እያለ ግን ውርስ የለም።

በሚቀጥለው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ከረጢት ሳይሆን ደብተር እንያዝ። የመጽሐፉን ስም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ የእርሱን ስም፣ መቼና ለምን እንደሚደገም ጽፈን መጽሐፉን ወደ ጨርቁ እንመልሰው። ከዚያም አጥሩን ተሻግረን እንጠይቅ። ለአዛውንቱ ያጣነው መልስ ይኸው ነው። አባባ፣ እዚያ የሚደግመው የለም፤ ስለዚህ እርስዎ ይድገሙት፣ እኛ እንጽፈዋለን።