ስለ እባብ መልክና ስለ አርቢው ኅሊና

ከጥቂት ወራት በፊት ወደ አታት ሄጄ በነበርሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጥግ ወስደው አሳባቸውን ገለጡልኝ። በአሜሪካ የሚኖር ልጃቸው ክዳኑ የሚያፈሰውን ቤተ ክርስቲያናቸውን በቆርቆሮ ለማልበስ ገንዘብ ልኳል። በምን ሥራ እንዳገኘው ሲጠይቁት ግን እባብ እያረባ በመሸጥ መሆኑን ሳይሸሽግ ነገራቸው። «አባ፤ ኦሪት የውሻን ዋጋ እንኳ ወደ እግዚአብሔር ቤት አታግቡ ካለች የእባብ ዋጋ እንዴት የመቅደስ ክዳን ይሆናል?» አሉኝ።

ወዲያው ልመልስላቸው አልቻልሁም። ስለዚህ ልጁን በስልክ አግኝቼ ሥራውን እንዲያስረዳኝ ለመንሁት፤ እርሱም በትሕትና አስረዳኝ።

የሚያረባው መርዝ የሌለው፣ ሲደነግጥ ራሱን በመካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ የሚጠቀለል የአፍሪካ ዘንዶ ነው፤ ፈረንጆች ቦል ፓይተን ይሉታል። የተፈጥሮ መልኩ ጥቁርና ቡናማ ሲሆን አልፎ አልፎ ግን በዱር ሳለ መልኩ የተለወጠ ይወለዳል። ነጭና ቢጫ ሆኖ ዓይኑ የቀላው እ.ኤ.አ. በ1992 በሰው እጅ ተራባ፤ ከዚያ ወዲህ አርቢዎች መልክን ከመልክ እያዳቀሉ እጅግ ብዙ ዓይነት አወጡ። የሚሠራበትም ሕግ የሞራቪያው መነኵሴ ሜንዴል በአተር ዘር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ነው። ይኸውም ነጭነቱ በወላጆች ባሕርይ ተሰውሮ ይኖራል፤ የተሰወረባቸው ሁለቱ ሲገናኙ ከአራቱ ግልገል አንዱ ያህል ነጭ ሆኖ ይፈለፈላል። የእኛም አገር ከዚህ ነገር ውጭ አይደለችም፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የሚኖረውን ጥቁርና ቢጫ ጌጥ ያለውን እፉኝት በውጭ አገር ለመልኩ ብለው የሚያኖሩት አሉ።

እንግዲህ አስቀድሞ እባብ በመሆኑ ብቻ ዋጋው ይረክሳልን? ሰይጣን በእባብ አድሮ ሔዋንን ማሳቱን እናውቃለን፤ ነገር ግን ማደሪያው አዳሪውን አይደለም። ሙሴ በምድረ በዳ የናስ እባብ ሰቅሎ ሕዝቡን አድኗል። አባታችን አቡነ አረጋዊም ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የወጡት በዘንዶ ጅራት ተይዘው መሆኑን ገድላቸውን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ስለ ውሻው ዋጋ የተጻፈውም ከጋለሞታ ዋጋ ጋር በአንድነት መነገሩን ስናስተውል፣ እንደሚመስለኝ፣ ነገሩ ስለ ገንዘቡ መንገድ እንጂ ስለ ፍጡሩ ዘር አይደለም።

ሁለተኛም መልክን መርጦ ማራባት ኀጢአት ነው ለማለት አንደፍርም። ያዕቆብ በላባ ቤት ሳለ ደመወዙ ዝንጕርጕርና ነቍጣ ያለባቸው በጎች ነበሩ፤ መንጋውም የበዛለት በዚሁ ነው። በአታት መንደር ውስጥ እንኳ እናቶች እንሰትን ዓይነት በዓይነት ለይተው ይተክላሉ፤ አስታራንና ጓርየን ለተሰበረ አጥንት ያኖራሉ፤ ሌላውን ለቆጮ ይመርጣሉ። ለበዓል ዶሮ ስንገዛም ላባውን ሳናይ ዋጋ የምንቈርጥ ስንቶቻችን ነን?

ከዚህ በኋላ ግን ልጁ ራሱ ሳልጠይቀው የነገረኝ አንድ ነገር አለ፤ እኔን የከበደኝም ይህ ነው። ከሚያረባቸው መካከል መስመሩ የቀጠነ፣ ስለ መልኩም ሸረሪት የተባለ ዓይነት አለ። የዚህ ዘር አባት እ.ኤ.አ. በ1999 ከአፍሪካ ተይዞ የሄደ አንድ እባብ ነበር፤ ዛሬ ያሉት ሁሉ ከእርሱ የመጡ ናቸው። ይህን መልክ የያዘ እባብ ራሱን አጽንቶ መያዝ ይሳነዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ሊበላ ሲወረወር ዒላማውን ይስታል፤ አንዳንዱም በጀርባው ተገልብጦ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ምርመራ እንደሚያስረዳው ሚዛን የሚጠበቅበት የውስጥ ጆሮው ተበላሽቶ የተፈጠረ ነው። መልኩና ሕመሙ ተጣብቀው ይወለዳሉና አንዱን ትቶ ሌላውን ማራባት እስካሁን አልተቻለም።

በዚህ ስፍራ የያዕቆብ ምሳሌ አያግዘንም። ዝንጕርጕሩ በግ ከነጩ በግ በምንም አላነሰም ነበር፤ በእግሩ ይቆማል፤ ሣሩን ይግጣል። ሸረሪቱ ግን ለገዢው ዓይን ጌጥ የሚሆነው ሚዛኑን ከፍሎ ነው፤ ዋጋውን የሚቀበለው ደግሞ ሌላ ነው። ልጁም «ይበላሉ፣ ይዋለዳሉ፣ ብዙ ዓመት ይኖራሉ፤ መታመማቸውን በምን ዐወቅን?» ብሎ ተከራከረኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እባብ አይጮኽም፤ አያለቅስም። ነገር ግን እባቡ ሕመሙን ማወቁ ቢያጠራጥር አርቢው የሚወለደው እንደሚታመም ማወቁ አያጠራጥርም። በዱር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ዘር ብዙ ሳይቆይ በጠፋ ነበር፤ በየዓመቱ እንደ ገና የሚያስወልደው የሰው ፈቃድ ነው። ጠቢቡ ሰሎሞንም ጻድቅን ሲገልጥ ለእንስሳው ነፍስ መራራቱን ምልክት አድርጎ አስቀምጦታል።

ይህን ስል በልጁ ላይ ለመፍረድ እጄ ንጹሕ ሆኖ አይደለም። ከአታት ወደ ወልቂጤ ስወርድ ጀርባዋ የቈሰለ አህያ እህል ተጭና ስትሄድ አይቻለሁ፤ ባለቤቷን አንዲት ቃል ሳልናገረው አለፍሁ። አህያይቱ ግን ቈስላ አልተወለደችም፤ ጭነቷ ቢወርድ፣ ቍስሏ ቢታጠብ ትድናለች። ሸረሪቱን ማን ያድነዋል? ሊደረግለት የሚቻለው ነገር ቢኖር ያሉትን በሚገባ መግቦ ዕድሜያቸውን እንዲጨርሱ መተው፣ ዳግመኛም አለማስወለድ ነው።

ለሽማግሌው እባብ በመሆኑ የተነሣ የልጃቸውን ገንዘብ እንዳይንቁ ነገርኋቸው። ለልጁ ደግሞ ጤነኞቹን ቢያረባ እንደማልነቅፈው፣ ከሸረሪቶቹ የተገኘውን ግን ለይቶ እንዲነግረኝ፣ ያም ወደ መቅደስ እንዳይገባ ገለጥሁለት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና ሁለቱን ሴት ሸረሪቶች በዚህ ዓመት ከወንድ ጋር አስቀድሞ እንዳገናኛቸው ነገረኝ፤ ደብተሩንም አይቶ እንደሚደውልልኝ ቃል ገባ። ቆርቆሮው እስካሁን አልተገዛም።