ከዋክብት ፍጥረታት እንጂ ዳኞች አይደሉም



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት፣ በምዕራፍ 15፣ ስለ ትንሣኤ ሙታን ሲያስተምር የፀሐይ፣ የጨረቃና የከዋክብት ክብር የተለያየ መሆኑን በምሳሌነት ያነሣል። የኢሉባቦር ክረምት ረጅም፣ ደመናውም ብዙ ነው፤ ዝናሙ አባርቶ የቡና ለቀማ ወራት ሲደርስ ግን በመቱ፣ በጎሬ ወይም በቡሬ በሌሊት ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው ይህንን ልዩነት በዓይኑ ያያል።

ፀሐይ ራሷ የምታበራ ኮከብ ናት፤ ወርዷ ከመሬት ወርድ 109 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ብርሃኗ በ8 ደቂቃ ያህል ይደርሰናል፤ ከእርሷ ቀጥሎ ቅርብ ከሆነው ኮከብ የሚነሣው ብርሃን ግን ከ4 ዓመት በላይ ይጓዛል። ጨረቃ የራሷ ብርሃን ስለሌላት የፀሐይን ተቀብላ ታንጸባርቃለች። አጥቢያ ኮከብ የምንለው፣ በኦሮምኛ በከልቻ የሚባለው፣ እንደ መሬት ፀሐይን የምትዞር ቬነስ የተባለች ፕላኔት ናት። ተወርዋሪ ኮከብ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከጠጠር የማይበልጥ፣ ወደ አየራችን ሲገባ የሚነድ ቅንጣት ነው። ጅራታም ኮከብ ደግሞ የበረዶና የአቧራ ክምችት ነው፤ ሃሌይ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1986 ታይቶ ነበር፣ በ2061 ይመለሳል። በጠራ ሌሊት ነጭ ጎዳና መስሎ የሚታየውም ፀሐይን ጨምሮ ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት የሚገኙበት ጋላክሲያችን ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ መካከል በሰው ላይ ለመፍረድ ሥልጣን የተሰጠው የትኛው ነው? በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 እንደምንረዳው ብርሃናት የተፈጠሩት እንዲያበሩና ዘመናትን እንዲለዩ ነው። ሆኖም በመካከላችን ዛሬም የእጮኛሞች ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር በፊደል ቍጥር ተደምሮ፣ ለ12 ተካፍሎ፣ «ኮከባቸው አልገጠመም» ይባላል። በዚህም የሚዋደዱ ልጆች ይለያያሉ፤ ወላጆችም ለዘመናት ይቀያየማሉ። ልብ በሉ፤ ቈጣሪው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሰማይ ቀና አላለም። የቈጠረው ፊደልን እንጂ ኮከብን አይደለም።

እውነተኛው የሰማይ ስሌት ሌላ ነው። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት ጨረቃ የፀሐይን መካከል ስትሸፍን፣ የቀለበት ቅርጽ ያለው ግርዶሽ በምዕራብ ኢትዮጵያ ገብቶ በላሊበላ በኩል አለፈ። ሊቃውንት ቀኑንና ደቂቃውን ከብዙ ዓመታት በፊት አስታውቀው ነበር። ይህን ማወቅ የቻሉት ፍጥረት ፈጣሪ የሠራለትን ሥርዓት ስለሚጠብቅ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ዕውቀት አትፈራም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 የቫቲካንን የከዋክብት መመልከቻ እንደገና አቋቋሙ። ዓለማት እየሰፉ መሄዳቸውን እ.ኤ.አ. በ1927 በጽሑፍ ያስረዱት ጆርጅ ለሜትርም የቤልጅግ ተወላጅ ካህን ነበሩ። ኮከብ ማስቈጠርን ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2116 በግልጽ ይከለክላል፤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ክብርና መታመን ለሌላ መስጠት ነውና።

«ሰብአ ሰገልስ በኮከብ ተመርተው የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ተመርተዋል፤ ነገር ግን ቤተልሔም በደረሱ ጊዜ የሰገዱት ለሕፃኑ እንጂ ለኮከቡ አልነበረም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እጮኛ ባመጣ ጊዜ ስለ እምነቷ፣ ስለ ጠባይዋና ስለ ታማኝነቷ ጠይቁ፤ ስለ ልጃችሁም እንዲሁ መስክሩ። መምህራን ሆይ፣ ሰማዩ በጠራበት ምሽት ሕፃናቱን ከጸሎት ቤቱ ደጅ አውጥታችሁ ኮከቡን ከፕላኔቱ እንዲለዩ አስተምሯቸው። የሚያውቁትን ፍጥረት አይፈሩትም፤ ፈጣሪውንም ያመሰግናሉ።

ከዋክብትን ለፈጠረ፣ እኛንም በልጁ ደም ለዋጀ አምላክ ክብር ይሁን። አሜን።